የምንጩን ዓይን የደፈነው ገበሬ

ስንዱ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ አላት። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ አካሉ በደንብ አይታዘዝለትም፤ ለሃጩም ቀኑን ሙሉ ደረቱ ላይ ይወርዳል። የእህቷ ሰርግ ሲደርስ ጎረቤቷን እማማ ደብሪቱን ጠየቀቻቸው። «እማማ፣ ዘመዶቼ ‹ሰርጉ እስኪያልፍ ውሃ ቀንሺበት፤ ለሃጩ ይደርቃል› ይሉኛል። ባደርገው ምን አለበት?»

አሮጊቷ ቆጣ አሉ። «ማነው እንዲህ ያለሽ? ተይው፣ አትንገሪኝ። ቁጭ በይና ስሚኝ።

«አንድ ገበሬ ነበረ። ከቤቱ በላይ ምንጭ አለው፤ ውሃው በቦይ ወርዶ፣ በደጁ በኩል አልፎ የጓሮ በርበሬውን ያጠጣል። ታዲያ አንድ ክረምት ዳገቱ ተናደና አፈሩ ቦዩ ውስጥ ገባ። ማንም አላጠፋም፤ ዝናብ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃው ደጁ ላይ እየፈሰሰ ግቢውን ጭቃ አደረገው።

«ሰውየው ደግሞ ሴት ልጁን ሊድር ነው፤ አማቾቹ ሊመጡ ነው። ‹ጭቃ ረግጠው ገብተው ምን ይሉኛል?› እያለ እንቅልፍ አጣ። አይ ይሉኝታ! ሰውን ስንቱን ታስደርገዋለች! ‹ይሄ ውሃ በዝቷል› አለና ወጥቶ የምንጩን ዓይን በድንጋይና በጭቃ ደፈነው።

«ደጁ ደረቀለት። ጠራረገው፣ ደስ አለው። በርበሬው ግን ያን ሁሉ ፍሬ እንደያዘ ጠወለገ። ሚስቱ ጓሮ ገብታ ስታይ ጮኸች። ‹ምነው አንተ ሰውዬ! ለደጅህ ብለህ ጓሮህን ገደልከው?› አለችና ዶማ አንስታ ወጣች። ድፍኑን አፈረሰችው። ከዚያ ቦዩን ተከትላ ስትወርድ አፈሩ የታጨቀበትን ቦታ አገኘችው። ‹ውሃውማ የድሮው ውሃ ነው፤ የጠበበው መንገዱ ነው› አለችው።

«ባልና ሚስት በየጠዋቱ ጥቂት ጥቂት ጠረጉ። ባንድ ቀን የሚያልቅ መስሎሻል? የለም! በርበሬው ነፍስ ዘራ። ደጁ ግን ጨርሶ አልደረቀም፤ ትንሽ ርጥበት ቀረች። እሷ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፉ። አማቾቹም መጡ፤ ድንጋዩን ረግጠው ገቡ። አንዱ ብቻ አዳልጦት ጋቢውን ጭቃ ነካው፤ ሳቁበት፣ አብሯቸው ሳቀ። ልጅቷም ተዳረች።»

እማማ ደብሪቱ ወደ ስንዱ ዞሩ። «የልጅሽም ነገር ይኸው ነው፣ የኔ ልጅ። ምራቁ ከሌላው ልጅ አልበዛም። እኔና አንቺ ሳናስበው እንውጠዋለን፤ ለሱ ግን መዋጡ ራሱ ሥራ ነው። ውሃ ብትነሺው የሚደርቀው ልጁ ነው። ይልቅ ሐኪም ቤት ውሰጂው፤ አንገቱን ቀና አድርጎ መቀመጡን፣ ከንፈሩን መግጠሙን፣ መዋጡን ቀስ በቀስ የሚያለማምዱ ባለሙያዎች አሉ። ቦዩን መጥረግ ማለት እሱ ነው። የቀረችውን ርጥበት በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ እያደረግሽ አድርቂለት፤ እንደ ወለል አትፈግፍጊው፣ ቆዳው ይላጣል። ሰርጉ ላይም አንገቱ ላይ ጨርቁን አስረሽለት ይዘሽው ግቢ። የሚያፍር ይፈር!»

ስንዱ አንገቷን ደፋች። «ከትናንት ጀምሮ ውሃ ነፍጌዋለሁ እኮ፣ እማማ» አለች። እንባዋ መጣ።

«ታዲያ እኔ ጋ ቁጭ ብለሽ ምን ትሠሪያለሽ? ተነሺ!»

ስንዱ ሮጣ ቤቷ ገባች። ልጁ ብርጭቆውን ሲያይ እጁን ዘረጋ። ቀስ እያለች አጠጣችው፤ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ጠጥቶ እስኪረካ ድረስ አልጠረገችውም።