የብርቄ በር

እኛ ሰፈር አከራይና ተከራይ በተጣሉ ቁጥር የሚነገር አንድ ተረት አለ። ከጥንት አባቶች የወረስነው እንዳይመስላችሁ፤ ሲወለድ ደጃፍ ላይ ቆሜ አይቻለሁ።

ጊዜው ያ ክፉ ወረርሽኝ የገባበት ነው። ብርቄ ጤና ጣቢያ እያጸዳች፣ አቶ መንበሩ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ተከራይታ ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። መንበሩ በሽታውን ይዛብኝ ትመጣለች ብሎ ፈራ። መፍራቱስ ባልከፋ፤ ውጪልኝ አላት። የት ትሂድ? በዚያ ሰሞን ዘመድ ዘመዱን አያስገባም። ደግሞም በሽታው እስኪያልፍ ተከራይ ማስወጣት ተከልክሏል፤ ይህን እሱም ያውቃል። ታዲያ የእኛ ብልጥ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሥራ በሄደችበት በሯን ከነማጠፊያው ነቅሎ ወሰደው። ብርዱ ያባርርልኛል ብሎ እኮ ነው!

ብርቄ እያለቀሰች ለድሃ ተከራይ በነጻ ወደምትከራከረው ጠበቃ ወደ ሰናይት ሄደች። ሰናይትም አይዞሽ ብላ አጽናናቻትና ሰውዬውን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት አቆመችው።

ዳኛው የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ይልማ ናቸው። መንበሩ ኮራ ብሎ፣ ማንንም እንዳላስወጣ፣ በሩንም ለማሳደስ ብቻ እንደወሰደው አስረዳ።

«አሁን በሩ የት ነው?» አለች ሰናይት።

«እኔ ሳሎን ነዋ። ማን ይነካዋል ብለሽ ነው?»

ሰናይት ወደ ዳኛው ዞረች። «ክቡር ዳኛ፣ ለወረርሽኙ የወጣው ትእዛዝ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይቀመጥ ይላል። ብርቄ የምትዘጋው በር ያለው እሳቸው ሳሎን ነው። ታድሶ እስኪመለስ እዚያው ትቀመጥልን።»

ጋሽ ይልማ ሳቃቸውን ጭምብላቸው ውስጥ ውጠው፣ እንዳለችው ይሁን ብለው ፈረዱ።

ብርቄ ፍራሿን፣ ልጆቿንና አውራ ዶሮዋን ይዛ ሳሎን ስትገባ ሰፈሩ በየአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይስቃል። እኔማ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። መንበሩ ከወንበር ወንበር ሲሸሽ ቆይቶ አላስችል አለው፤ ጀንበር ሳትጠልቅ በሩን በገዛ ጀርባው አዝሎ ወጣ። ተሸካሚ ልጥራ ቢል በዚያ ወረርሽኝ ማን ይመጣለታል? ሚስማሩን የምታቀብለው ራሷ ብርቄ ነበረች። በሩ ቦታው ሲገባ ልጆቿ ደስ ብሏቸው ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል፣ ደግመው ይከፍቱታል።

መንበሩ ላቡን እየጠረገ፣ በዚያ ለሚያልፉት ጋሽ ይልማ ሳሎኔ እኮ የሰው መንደር ሆነ ብሎ ስሞታ ቢያሰማ፣ ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሳቁና «ምን ይደረግ ልጄ፤ በር የነቀለ እንግዳ አይመርጥም» አሉት።