የእመት ጦጢት ምርቃት

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው ገበያ በሚወጡበት ዘመን፣ እመት ጦጢት የምትባል ማሽላ ሻጭ ነበረች። ኧረ ልጆች፣ ስሟን ሳነሳ እንኳ ደሜ ይፈላል!

ማሽላዋን በትንሽና በትልቅ ቅል ሞልታ ትደረድራለች። ትንሹ ቅል አንድ አሞሌ ጨው፣ ትልቁ ሁለት አሞሌ። ትልቁን ለሚገዛ ከረጢቱ ውስጥ ትገለብጥና ከላይ አንድ እፍኝ ጣል ታደርግለታለች። "ትልቁን ግዙ፣ ትልቁ ያዋጣል! ምርቃቱም ከእኔ!" ምርቃት የሚጠላ ማን አለ? ገበያተኛው ሁሉ በትልቁ ቅል ይሻማ ነበር።

እትዬ ጃርት ባሏ የሞተባት የልጆች እናት ናት። ክረምት ሲገባ የቀሯትን ሁለት አሞሌዎች ይዛ ሄደች፤ አዲስ እህል እስኪደርስ ልጆቿን የምታቆየው በዚያው ነው።

"መርቂልኝ እንጂ፣ የቲም አሳዳጊ ነኝ" አለች።

"ለአንቺማ ሁለት እፍኝ!" አለች እመት ጦጢት።

እትዬ ጃርት እያመሰገነቻት ተመለሰች። ማሽላው ግን አዲሱ እህል ሳይደርስ አለቀ። ልጆቿ "እማ፣ ራበን" እያሉ ሲያለቅሱ፣ ጎረቤቷ ሚዳቋ ከእነዚያ ሁሉ ልጆቿ ጋር ገና ትበላለች።

"አንቺ ምን ያህል ገዝተሽ ነው?" አለቻት እትዬ ጃርት።

"እኔማ ትልቁ ቅል አልቆ ነው የደረስኩት። በሁለት አሞሌ ሁለት ትንንሽ ገዛሁ፤ ምርቃትም አልሰጠችኝም።"

የእትዬ ጃርት እሾህ ቆመ። በንዴት ገስግሳ ገበያ ደረሰች።

"ትልቁን ቅል በትንሹ ስፈሪው!"

"አይ እትዬ፣ ገበያ አትበጥብጪ። ምርቃቱን ረሳሽው?"

"ምርቃትሽ ገደል ይግባ! ልጆቼ ጦማቸውን አደሩ!"

ትልቁን ቅል ነጥቃ ትንሹ ላይ ገለበጠችው። ትንሹ ቅል አንዴ ሞላ፤ ሁለተኛው ገና ግማሽ ሳይደርስ ትልቁ ባዶ ሆነ። ለካ ገላው ወፍራም ነው፣ ሆዱ ጠባብ!

"እኔንም! እኔንም!" ብሎ ገበያው ተናወጠ። የገበያው ዳኛ አያ ዝሆን ተቆጡ። "ከዛሬ ጀምሮ ሻጭ ሁሉ፣ ዕቃው ቢተልቅም ቢያንስም፣ 'በዚህች ትንሽ ቅል ልክ ዋጋው ይህ ነው' ብሎ ይጥራ። አንቺ ሌባ፣ የሁሉንም ጉድለት ሙዪ!"

እመት ጦጢት ዛፍ ላይ ወጥታ አመለጠች፤ ጎተራዋን ግን ይዛ መውጣት አልቻለችም። እትዬ ጃርት የጎደላትን በትንሿ ቅል ሰፍራ ወሰደች።

"አንድ እፍኝ ይመረቅልሽ?" አሏት አያ ዝሆን።

"አልፈልግም! ልኬን ብቻ!" ብላ ወደ ልጆቿ ሮጠች።

ለዚህ ነው፣ ምርቃት ያሳቀውን ስፍር ያስለቅሰዋል የምላችሁ።