የኮራሎቹ ገንዳና አያ ቦርጬ

ተረት ልንገራችሁ?

«ንገረን» በሉኝ። እንዲያ ነው።

ድሮ ነው። ድንጋይም ውኃም አፍ በነበራቸው ዘመን። በአንድ ሞቃት ወደብ ሁመድ የሚባል ሰውና ሚስቱ አስያ ይኖሩ ነበር። ሥራቸው እንግዳ መቀበል ነው። እንግዶቹ ግን ሰዎች አይደሉም፤ ኮራሎች ናቸው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል፤ ግን ነፍስ አለው። ደስ ሲለው እንደ አበባ ይከፈታል፤ ሲከፋው ይዘጋል። ከሩቅ ደሴት በጀልባ ተጭነው፣ ደክመው ነው የሚመጡት። በሁመድ ገንዳ ያርፋሉ። ሲበረቱ ወደሚሄዱበት ይሄዳሉ።

ገንዳው ትልቅ ነው። የወደቡ ዳር ባሕር ጭቃ ስለሆነ፣ ጥሩ የጨው ውኃ የሚመጣው ከጥልቁ በብዙ ድካም ነው። ስለዚህ ያው አንዱ ውኃ እየታጠበ ይኖራል።

አጣቢዎቹ እነዚህ ናቸው። ነፋስ የሚያዞረው አያ መዘውር ውኃውን ይቀዳል። አያ ሰፍነግ ጉድፉን ይይዛል። እመት አረፋ ጠባብ ማሰሮ ውስጥ ትንተከተካለች፤ ቅባቱንና ልጋጉን ተሸክማ ወደ ውጭ ትደፋለች። መጨረሻ ላይ ውኃው በአባ ጠጠር መካከል ሾልኮ ወደ ገንዳው ይመለሳል። አባ ጠጠር ምን እንደሚሠራ ማንም አያውቅም። ተኝቶ ነው የሚውል። ሲነኩት ያሟልጫል።

ገንዳው ውስጥ አንድ አሮጌ ዓሣ ነበር። አያ ቦርጬ ይሉታል። ሲበላ ያዝረከርካል። ሲጠግብ ያገሳል። ከዚያ በኋላ የሚያደርገውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን ወሬ መጣ። ታላቅ ጀልባ ኮራል ሞልቶ፣ ጨረቃ ስትሞላ ይደርሳል ተባለ። ያን ያህል እንግዳ መጥቶ አያውቅም።

አያ ሰፍነግ ወደ ሁመድ ጮኸ።

«ጌታዬ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው። ይኸ ቦርጬ ግን ያሳፍረናል። ፍርፋሪው ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚለጠፍ።»

«ሽማግሌ ነው፤ ይቆይ» አለ ሁመድ።

እመት አረፋ ተከተለች።

«ጌታዬ፣ የሱን ቅባት ስሸከም ወገቤ ተቆረጠ። እንግዶቹ ምን ይሉናል?»

«እስቲ ላስብበት» አለ ሁመድ።

አያ መዘውር ሲጥ አለ።

«ጌታዬ፣ ሽታው እኔ ጋ ድረስ ይወጣል። ነፋሱ እንኳ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያዞረኝ።»

ሁመድ ሳቀ። ነገሩ ግን ልቡ ገባ። «አባ ጠጠር፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለ።

«ይቆይ።»

«ለምን?»

«ልጆቼ ይራባሉ።»

ሰፍነግ ሳቀ፣ አረፋ ሳቀች፣ መዘውር ሳቀ። «ድንጋይ ደግሞ መቼ ወለደ!» አሉ።

ቦርጬን ከጓሮ ወዳለችው ትንሽ ኩሬ ወሰዱት።

«ግድ የለም» አለ ቦርጬ። «እንግዶቹ ሲሄዱ ጥሩኝ። የተረፈውን እበላለሁ።»

አስያ አንጀቷ አልቻለም። ከአባ ጠጠር በእጇ እየዘገነች ከሥሩ አነጠፈችለት።

ከዚያ ወዲያ ገንዳው ጠራ። መርፌ ቢወድቅበት ይታያል። ሁመድ ጠዋት ያየዋል፣ ማታ ያየዋል፣ ይኮራል። ጀልባው ግን ዘገየ። ጨረቃ ሞላች፣ ጎደለች፣ ደግማ ሞላች። በገንዳው የሚበላ የለም፤ የሚያቆሽሽም የለም።

ኋላ ጀልባው ደረሰ። ኮራሎቹ ገቡ። ከነሱ መካከል አንዲት እናት ነበረች፤ ጎኗ ላይ ገና ያቆጠቆጠች ልጅ ይዛለች።

«እማ፣ ውኃው እንዴት ያምራል!» አለች ልጅቱ።

«ያምራል ልጄ። እረፊ እንግዲህ» አለች እናቷ።

አረፉ። ሲነጋ ግን ተዘጉ። አያ ሰፍነግ «የመንገድ ድካም ነው» ብሎ ወንፊት የመሰለ ገላውን አጠበቀ። አልተከፈቱም።

በማግሥቱ ልጋግ አወጡ። እመት አረፋ «እኔ አለሁ» ብላ ቀን ሙሉ ተንተከተከች። አልተከፈቱም።

በሦስተኛው ቀን ነጡ። አያ መዘውር እስኪሰበር ዞረ። ምንም የለም። ውኃው አሁንም እንደ መስተዋት ነው።

«እማ፣ ያቃጥለኛል» አለች ልጅቱ።

«እኔ ላይ ተጠጊ» አለች እናቷ።

አስያ ይህን ሰምታ በገንዳው ዙሪያ ተንቆራጠጠች። እጇን አባ ጠጠር ውስጥ ከተተች። ሻከራት።

«አባባ፣ ያ ማሟለጭህ የት ሄደ?»

«ልጆቼ ነበሩ» አለ አባ ጠጠር። «በዓይን አይታዩም። ሰፍነግ የሚታየውን ይይዛል። አረፋ የሚንሳፈፈውን ትወስዳለች። ከእድፍ ወጥቶ ውኃው ውስጥ የሟሟውን መርዝ የሚበሉት ግን እነሱ ነበሩ። ቦርጬ ሲሄድ የሚበሉት አጡ። አለቁ። አሁን የእንግዶቹን እድፍ ማን ይብላ?»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረን?» አለ ሁመድ።

«ነገርኳችሁ። ሳቃችሁ።»

ሰፍነግ አንገቱን ደፋ።

«አንድም የቀረ የለም?» አለች አስያ።

«ቦርጬ ጋ አሉ። አንቺ ባነጠፍሽለት ጠጠር ላይ።»

ባልና ሚስቱ ወደ ጓሮ ሮጡ።

«እንግዶቹ ሄዱ እንዴ?» አለ ቦርጬ። «የተረፈ አለ?»

«የለም አያ ቦርጬ» አለ ሁመድ። «ውኃው እያቃጠላቸው እንግዶቹ ሊሞቱብን ነው። የተኛህበትን ጠጠር ስጠን።»

ቦርጬ አሰበ። «ጠጠሩን ከሰጠሁ በዚች ኩሬ የራሴው እድፍ ይገድለኛል።»

«ካልክማ አብረህ ና። ወደ ገንዳው።»

«ያቃጥላል ያላችሁት ገንዳ ውስጥ?»

ሁመድ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ቦርጬም አየው።

«ሕፃን አለች ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?»

«አለች። ጫፏ ነጥቷል።»

ቦርጬ ከጠጠሩ ላይ ተነሣ።

«ዝገኑ እንግዲህ። እኔን ግን ቀስ ብላችሁ አንሱኝ። ሆዴን ይኮረኩረኛል።»

የቦርጬን ጠጠር አምጥተው ከአባ ጠጠር ጋር ቀላቀሉት። ሁመድ ጎረቤቶቹን ጠርቶ በጀልባ ወጣ፤ ከጥልቁ ውኃ በገንቦ ቀዱ። ከገንዳው ይደፋሉ፣ ከጥልቁ ይሞላሉ። ይደፋሉ፣ ይሞላሉ። ቦርጬ ከአንድ ጥግ ተለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ ቻለ። ምግብም በትንሽ በትንሹ ነው የሰጡት፤ ደቃቆቹ የአባ ጠጠር ልጆች እስኪበዙ ድረስ።

«ይኸ ነው ድግሱ?» ይላል ቦርጬ። «ኩሬዬ ይሻለኝ ነበር።»

«ቻለው አያ፤ ቻለው» ትለዋለች አረፋ። አያ ብላ ስትጠራው ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው።

የአባ ጠጠር ልጆች ተዋለዱ። ቀስ ብለው ነው፤ ቀስ ብለው። አስያ በየጠዋቱ እጇን ትከታለች። ይሻክራል። ደግሞ ትከታለች። ይሻክራል። አንድ ጠዋት ከተተች፤ አሟለጫት። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ኮራሎቹ ሁሉ ዳኑ ብዬ አልዋሻችሁም። ያልዳኑ አሉ። እናትና ልጅ ግን ተከፈቱ። ልጅቱ ዙሪያዋን ስታይ፣ ቦርጬ ምሳውን ሲበላ ፍርፋሪው ራሷ ላይ ወረደ።

«እማ! ይኸ የሚያዝረከርከው ማነው?»

«ዝም በይ ልጄ» አለች እናቷ። «እሱ ሲበላ ነው የኛ ውኃ የሚጠራው።»

የኔ ይኸው ነው። ለእንግዳ ብሎ ቤቱን የጠረገ ደግ አደረገ። ከጉድፉ ጋር የቤቱን ሰው ጠርጎ ያወጣ ግን፣ እንግዳውን ባዶ ቤት አስገባው።