የትዳር ፊልም ምረቃ

አንዲት ነገር የማታሳልፍ ሴትዮ ከባሏ ጋር የፊልም ምረቃ ተጋብዛ፣ በፊልሙ ውስጥ ያሉት ባልና ሚስት ተጣልተው ሰሃን የሚሰባብሩበት ቦታ ላይ ሳቅ አመለጣት። ዳይሬክተሩ መክብብ «ትዳርን እንደኔ ያሳየ የለም» እያለ የሚኩራራ ሰው ነበርና፣ ፊልሙ እንዳለቀ መድረክ ላይ ወጥቶ ከመቀመጫዋ አስነሳት።

«እናት፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እርስዎ ሳቁ። ውሸቱ የቱ ጋ እንደሆነ ይንገሩን፤ ካልሆነ እዚሁ ሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቁኝ።»

ባሏ እንድትቀመጥ ቀሚሷን ጎተተ። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ «ውሸት እንኳ የለውም፣ ልጄ» አለች። «ብቻ ያ ሁሉ ሰሃን ተሰባብሮ፣ በማግስቱ ታርቀው ሲተቃቀፉ ወለሉ ጸድቷል። ማን ጠረገው? እኛ ቤት ዋናው ጠብ የሚነሳው እሱ ላይ ነው።»

ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው ከፊት የተቀመጠችው የመክብብ ሚስት ነበረች።