የውብአለም የቀለም አባት

በአንድ ወቅት፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ሥር፣ ውብአለም የምትባል ልጅ ጋቢ ታቅፋ ቆማ ነበር። አቦ አትሳቁ! በድሬ ሙቀት ጋቢ ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። እሷም ላቧ በጀርባዋ እየወረደ ነበር፤ ግን ላብ ያመጣባት ሙቀቱ ብቻ አልነበረም።

ጋቢው ጉድ አለው። እናቷ እትዬ አስካለ ጥጡን የፈተሉት ለባላቸው፣ ለውብአለም አባት ነበር። ባልየው ጋቢው ከሸማኔው ቤት ሳይመጣ ሞቱ። እትዬ አስካለም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ ዘመድ ቢለምን፣ ጎረቤት ቢያማ፣ ወይ ፍንክች! ከዓመታት በኋላ ውብአለም ኩባ ሄዳ ሕክምና ለመማር ስትመዘገብ ግን ቁልቢ ገብርኤል ወጡና ተሳሉ፦ «ልጄ ፈተናውን ካለፈችልኝ፣ ያንን ጋቢ ላስተማራት ለቀለም አባቷ፣ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አለብሳለሁ።»

ፈተናው በስፓኒሽ ነው፤ በጽሑፍም በቃልም። ውብአለም ደግሞ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ቃል በቃል ሸመደደች። ያቃታት እነዚያ ጥቃቅኖቹ ናቸው፤ የእኛ ሰዋስው መስተዋድድ የሚላቸው፣ ኤን፣ ፖር፣ ፓራ፣ ኮን የሚባሉት። እኛ «ለ» ብለን የምንገላገለውን እነሱ ሁለት ቦታ ይከፍሉታል። እኛ «ላይ» እና «ውስጥ» ብለን የለየነውን እነሱ አንድ ላይ ይጠቀልሉታል። የልጅቷ ራስ ዞረ።

መጀመሪያ የደረሱላት መምህር ዳምጠው ናቸው። በወጣትነታቸው ኩባ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የዓይን ሞራ ይዟቸው አዲስ አበባ ለመታከም ቀጠሮ ይዘው ነበር። «ዓይኔ ይቆየኛል፤ ፈተናው አይቆይም» ብለው ቀሩ። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ውሃው ብርጭቆ ውስጥ ነው፤ ኤን። ብርጭቆው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እሱም ኤን። የቱ ግስ የቱን መስተዋድድ እንደሚፈልግ ያዢ። ማለም ኮንን፣ የእኛን «ከ… ጋር»፣ ይፈልጋል። እነሱ ሰውን በሕልማቸው አያዩትም፤ ከሰውየው ጋር ነው የሚያልሙት።» እንዲህ እያሉ ሥርዓቱን ሁሉ አስያዟት። ሥርዓቱን ይዛ ተፈተነች፣ ጽሑፉን አለፈች፣ የቃል ፈተናው ላይ ግን አፏ ተሳስሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ወደቀች። መምህሩ ያን ቀን ምሳ አልበሉም ይባላል። ዓይናቸውም እየባሰበት ሄደ።

ቀጥለው ጋሽ ኢብሳ መጡ። ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው፣ ብቸኛ ሰው፣ ልጅ የላቸውም። አባታቸው በጦርነት ሲሞት ገና በልጅነታቸው ከመንትያ ወንድማቸው ጋር ለትምህርት ወደ ኩባ ተልከው ነበር። ወንድምየው እዚያው ታሞ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ጋሽ ኢብሳ ከተመለሱ ጀምሮ ያን ቋንቋ ከአፋቸው አውጥተውት አያውቁም። የውብአለምን መውደቅ ሲሰሙ ግን በሯን አንኳኩና «ነገ ሱቅ ነይ። በአማርኛ አላናግርሽም» አሏት። አላናገሯትም! ብሎን ሲፈቱ በስፓኒሽ፣ ደንበኛ ሲሰድቡ በስፓኒሽ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወንድማቸውን በሕልማቸው ያዩ እንደሆነ ይነግሯታል፤ ኮን፣ ኮን እያሉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። «ለምን ኮን ሆነ?» ስትላቸው «ለምን የሚባል ነገር የለም! ስሚ፣ በይ» ይሏታል። አፏ ተፈታ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ የመምህሩ «ለምን» እና የጋሽ ኢብሳ «ለምን የለም» ጭንቅላቷ ውስጥ ገበያ አቆሙ። ስትናገር ሥርዓቱ ይጠፋታል፤ ሥርዓቱን ስታስብ ንግግሩ ይቆማል። ይሄኔ ነው ደብተሯን ዘግታ «ተውኩት» ያለችው።

ይህንን «ተውኩት» የሰሙት እማ ሐሊማ ናቸው፣ ሳምቡሳ ጠባሿ። ከስፓኒሽ አንዲት ቃል አያውቁም። ግን እጇን ይዘው ከምድጃው አጠገብ አስቀመጧት። «እኔን አስተምሪኝ።»

«እማ ሐሊማ፣ እኔ ራሴ ግራ ገብቶኝ!»

«ካልገባኝ ሳምቡሳ የለም።»

ውብአለም ሳቀች፤ ከሳቀች ቆይታ ነበር። አንድ ሳምቡሳ አነሳችና «ይሄ ለልጅዎ የተቀመጠ ከሆነ ፓራ ነው። እሳት ዳር የሚቃጠሉት ለልጅዎ ሲሉ ከሆነ ግን ፖር ነው» አለች። «እንዲህ በይኛ!» አሉ እማ ሐሊማ። ሲገባቸው ያጨበጭባሉ፤ ሳይገባቸው ዘይቱ ቢያርር አይለቋትም፤ ደንበኛ ጥሏቸው ቢሄድም ዞር አይሉም። አንድ ቀን ጋሽ ኢብሳ ከሟች ወንድማቸው ጋር «ኮን» ብለው እንደሚያልሙ ስትነግራቸው «ከሞተ ሰው ጋር ደግሞ እንዴት ይታለማል?» ብለው ጠየቁ። ውብአለም «አባቴን ሳልመው ከሩቅ አላየውም። አብረን ነን፤ እሱም እዚያው ውስጥ ነው» አለችና አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተደናገራትም።

ዓመቱ ዞሮ ፈተናው ደረሰ። ፈታኟ ጸጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ናቸው። ድንገት «ሰሞኑን ምን አለምሽ?» አሏት። ውብአለም እውነቱን ተናገረች፦ «ሶኜ ኮን ሚ ፓድሬ።» ከአባቷ ጋር አልማ ነበራ! ከዚያ አባቷ ምን እንዳላት፣ ምን እንደለበሰ፣ ያልለበሰውንም ጋቢ ጨምራ አወራች፤ ሴትዮዋ እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው እስኪያዳምጧት ድረስ።

አለፈች። ይኸው የመሄጃዋ ቀን ነው፤ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል፤ ሰፈሩ በሙሉ ዛፉ ሥር ተሰብስቧል። እትዬ አስካለ ጋቢውን ከሳጥን አውጥተው ክንዷ ላይ አደረጉ። «የቀለም አባትሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አልብሺልኝ።»

መምህር ዳምጠው ፊደል የማይለዩ ዓይኖቻቸውን ወደ እትዬ አስካለ ድምፅ አዙረው «እኔ ባላስጀምራት ዛሬ እዚህ አትቆምም» አሉ።

ጋሽ ኢብሳ ጎንበስ እንዳሉ «አባት ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። እኔ የዘጋሁትን የከፈትኩት ለእሷ ነው» አሉ።

«የቀለም አባት ሴት ትሆናለች እንዴ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። እማ ሐሊማ ሳቁ። «ሴት መሆኔን እኔም አውቃለሁ። ተውኩት ስትል ግን ከእኔ ሌላ ማን ነበር አጠገቧ?»

«በሦስት ቅደዱትና ተገላገሉ!» አለ ሌላው። እትዬ አስካለ ተቆጡ። «በአንድ ሰው ትከሻ ብያለሁ! ገብርኤልን ላታልል ነው እንዴ?»

ውብአለም ያቺን የፈተና ሰዓት ልታስታውስ ሞከረች። «ኮን» ከአፏ ስትወጣ ጆሮዋ ላይ የነበረው የማን ድምፅ ነበር? የመምህሩ? የጋሽ ኢብሳ? የእማ ሐሊማ? ሦስቱም አንድ ላይ ይመጡባታል፤ አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል። ወይ ጣጣ! አንዱን ብታለብስ ሁለቱን አዋርዳ ልትሄድ ነው፤ ባታለብስ የእናቷን ስለት አፍርሳ ልትሄድ ነው።

ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ቀና ስትል መምህር ዳምጠው ኮታቸውን አውልቀው ይዘዋል። ጋሽ ኢብሳ ትከሻቸውን ዝቅ አድርገዋል። ሲስቁ የነበሩት እማ ሐሊማም፣ ሳይታወቃቸው፣ ሻሻቸውን ከትከሻቸው ላይ ሰብስበዋል። የአባቷ ጋቢ ግን አንድ ነው።

እንግዲህ አቦ፣ ሳትፈርዱ ከዚህ የሚነሳ የለም፦ ጋቢው የሚገባው ለማን ነው?