የግራዝማች ፊትና የወሰንየለህ ሌንስ

አንድ ቀን፣ በንጉሡ ዘመን ነው አሉ፣ ከፍቼ ወዲያ ባለች አንዲት የገበያ ከተማ ሌንስ ተከሶ ችሎት ቀረበ። ሰው አይደለም፣ ሰው የወጋ በሬ አይደለም፤ የካሜራ ሌንስ! ከሳሹና ዳኛው ደግሞ አንድ ሰው ናቸው፤ ግራዝማች አስፋልኝ።

ግራዝማች የከተማዋ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ጉቦ አይበሉም፣ ሰው አይመቱም፤ ኩራታቸው ግን ለብቻው አንድ በቅሎ ይፈልጋል። መንገድ ላይ ሰው እጅ ሲነሳቸው አገጫቸውን ቀና አድርገው ደመና እያዩ ያልፋሉ። «ግራዝማች ዛሬም ዝናቡን ሊያዩ ወጡ» ይላል ሰው ከኋላቸው።

የተከሰሰው ሌንስ ባለቤት ወሰንየለህ ይባላል። በከተማዋ ካሜራ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ባለ ሦስት እግር፣ ጥቁር ጨርቅ የሚከናነብ፣ ሲያዩት ሐዘን የተቀመጠ ሰው የሚመስል ሳጥን። ሌንሱን ጠዋት ማታ በሐር ጨርቅ ይወለውለዋል። ሚስቱ «እኔን አንድ ቀን እንዲህ አድርገህ ዓይኔን ጠርገህልኝ ታውቃለህ?» እያለች ትስቅበታለች።

ነገሩ የመጣው አዲሱ ማዘጋጃ ቤት ሲመረቅ ነው። የከተማዋ ትልልቅ ሰዎች በአንድ ላይ ተነሥተው ፎቷቸው ግድግዳው ላይ ይሰቀል ተባለ። ወሰንየለህ ግራዝማችን መሃል ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ የቀሩትን ግራና ቀኝ ደረደረ። የሌንሱን ክዳን አነሣና «አንድ... ሁለት...» እያለ መቁጠር ጀመረ። የዚያን ጊዜ ካሜራ ቶሎ አያይም፤ ቆጠራው እስኪያልቅ እንደ ድንጋይ መቀመጥ ነው። ልክ «ሁለት» ሲል እንጨት የተሸከመ አንድ መንገደኛ ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ፣ ጌታዬ!» አላቸው። ግራዝማች እንደ ልማዳቸው ሽቅብ ወደ ደመናው።

ወሰንየለህ መነቃነቃቸውን አየ። እንደገና ላንሣ እንዳይል «ምሳ ቀርቧል!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ትልልቆቹ ሰዎች እንደ ትንንሽ ልጆች ተሯሯጡ።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ የሁሉም ፊት ጥርት ብሏል። የግራዝማች ካባ ጥልፉ ሳይቀር ይቆጠራል፤ ከአንገታቸው በላይ ግን የተመታ አብሽ ነው። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ አረፋ ብቻ።

ግራዝማች ፎቶውን ይዘው በገበያ ቀን ወሰንየለህ ካሜራውን ይዞ ከሚሠራበት ገበያ መሃል ከች አሉ።

«አንተ! ይህ ሌንስህ ጉድለት አለበት!»

ወሰንየለህን ጨነቀው። «ተነቃንቀው ነው» ቢል፣ ዳኛውን በአደባባይ ዋሾ ማለት ሊሆንበት ነው። ዝም ቢል ደግሞ ሌንሱ ጥፋተኛ ሊሆን ነው። «ጌታዬ፣ ጉድለት ካለው ይመርመራ» አለ ቀስ ብሎ።

«ይመርመራ ብቻ? ይመዘናል እንጂ!» አሉ ግራዝማች። «እኔ አዲስ አበባ ስነሣ የነበረው ሌንስ የወፍጮ ድንጋይ ያህል ይከብድ ነበር። ደኅና መስታወት ከባድ ነው።»

ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ ዘነበች ሚዛኗን ይዛ ቅረቢ ተባለች። በአንዱ ጎን ሌንሱ፣ በሌላው ቅቤ የምትመዝንበት የነጥር ድንጋይዋ ተቀመጠ። ሌንሱ ሽቅብ ተንጠለጠለ።

«ጎደለ!» አሉ ግራዝማች እጃቸውን እያጨበጨቡ። «ጉድለቱ ተገኘ!»

«ቅቤ ቢሆን ኖሮ እጨምርበት ነበር፣ ጌታዬ» አለች ወይዘሮ ዘነበች። «መስታወት ላይ ምን እንደሚጨመር ግን አላውቅም።»

ወሰንየለህ ሌንሱን ከሚዛኑ ላይ ላፍ አደረገ። ቅቤ ነክቶታል። በሐር ጨርቁ እየጠረገ «ጌታዬ፣ ሌንስ የሚመዘነው በሚያሳየው ነው። እርስዎ ራስዎ ገብተው ይዩት» አለና ሌንሱን መልሶ ገጥሞ ካሜራውን ተከለ። ፊት ለፊት እንዲቆምለት የጠራው ልብስ ሰፊውን አቶ ምንዳዬን ነበር። ምንዳዬ ከመርፌው የሚለየው ጢም ስላለው ብቻ ነው፤ እጅግ ቀጭን ነው። ግራዝማች ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንበው ገቡ፤ ወዲያው ጮኸው ወጡ።

«ሰውየው ተዘቅዝቋል! እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች!»

ምንዳዬ ይህን ሲሰማ መርፌውና ክሩ እንዳይፈሱበት ኪሶቹን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘ።

«ሌንስ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ጌታዬ» አለ ወሰንየለህ። «ዘቅዝቆ ይቀበላል፤ በኋላ ወረቀቱን ስንገለብጠው ይቀናል።»

«እንግዳውን ዘቅዝቆ የሚቀበል ምን ዓይነት ባለቤት ነው!»

ገበያው ተሰበሰበ። አንዱ ሌንሱ በሎሚ ይታሽ አለ፤ ሌላው ጠበል ይወሰድ አለ፤ አንጥረኛው «እሳት ውስጥ ከትቼ ላቃናው» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ወሰንየለህ ሌንሱን ጉያው ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረው። መላ ሲፈልግ ዓይኑ እህል የምትነፋ ሴትዮ ወንፊት ላይ አረፈ። ተዋሰና ምንዳዬን ካሜራው ፊት አስያዘው። ሰዉ በየተራ ጥቁሩን ጨርቅ እየተከናነበ አየ፤ መሃል ያሉት የወንፊቱ ሽቦዎች ቀጥ ብለዋል፤ ዳር ዳር ያሉት ግን እንደ ቀስት ጎብጠዋል።

«ይኸውላችሁ» አለ ወሰንየለህ። «ጉድለቱን አልደብቅም። ዳር የቆመውን ሰው ይለጥጠዋል፤ መሃሉን አይነካም። ካሜራውን ወደ ኋላ አርቄ ሰዉን ወደ መሃል ባሰባስበው ይስተካከላል።»

«ኧረ በማርያም!» ብሎ ዘለለ ምንዳዬ። «ወሰኔ፣ እንዳትነካው! እኔም የማዘጋጃ ቤቱ ፎቶ ላይ ዳር ቆሜ ነው የተነሣሁት። በዕድሜዬ ወፍሬ የማውቀው በዚያ ፎቶ ላይ ብቻ ነው። አማቴ አይታው ‹ልጄ ለካ ሰው አግብታለች› ብላ እልል አለች። እሱን ጉድለት ካስተካከልክ ትዳሬን አፈረስክ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ግራዝማች ግን ወሰንየለህን የሚይዙበትን ነገር አግኝተዋል። በበትራቸው መሬቱን መቱ።

«ዝም በሉ! በአፉ ተያዘ! ዳሩን እንጂ መሃሉን አይነካም ብሏል። እኔ የት ነበርኩ?»

«መሃል፣ ጌታዬ» አለ ሰዉ።

«መሃል! ታዲያ የሁሉም ፊት ሲወጣ የእኔ ፊት የት ገባ? ዘነዘና አምጡ! በርበሬ የሚወቀጥበትን ትልቁን! አንተ ደግሞ ስማ፣ ፊቴ የት እንደ ገባ እዚሁ ካልነገርከኝ ሌንስህ ይወቀጣል።»

ዘነዘናው ከነሙቀጫው መጣ። በርበሬ ስለነበረበት ግማሹ ገበያ አነጠሰ። ወሰንየለህ ሌንሱን ፈጥኖ ከካሜራው ነቀለና በሐር ጨርቁ ጠቀለለው። ቢናገር ጣጣ፣ ባይናገር በርበሬ። መቼም ከዳኛ ፊት ቃል የሚጀመረው እጅ ተነሥቶ ነውና፣ ምን እንደሚል ሳያውቅ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ግራዝማች ወዲያው አገጫቸው ሽቅብ፣ ዓይናቸው ደመና ላይ። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ዘነዘና ረስተው።

ወሰንየለህ ቀና ሲል አያቸው። ፍርሃቱ በአንድ ጊዜ ለቀቀው።

«ጌታዬ» አለ፣ «እኛ እጅ ስንነሣ፣ እርስዎ ፊት ሲነሡን ኖረናል። ያን ዕለትም ሌንሱን ፊት ነሡት። ታዲያ እኔ ያልተሰጠኝን ፊት ከየት አምጥቼ ልጠብ?»

መጀመሪያ የፈነዳችው ወይዘሮ ዘነበች ናት፤ ሳቋ ሚዛኗን አወዛወዘው። ቀጥሎ አንጥረኛው፣ ከዚያ ሁሉም። ግራዝማች አሁንም ወደ ደመናው እያዩ ስለነበር ሰው የሚስቀው በእሳቸው መሆኑ የገባቸው ዘግይቶ ነው። አገጫቸውን ቀስ አድርገው አወረዱት። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቁጣ ይሁን ሳቅ እሳቸውም አልለዩትም።

«ዘነዘናውን መልሱ» አሉ በመጨረሻ። «አንተም ክዳንህን አንሣና እንደገና ቁጠር!»

ዛሬ ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ የተሰቀለው ያ ሁለተኛው ፎቶ ነው አሉ፤ ግራዝማች ፊት አለመንሣታቸውን ለማስመስከር ዓይናቸውን እንደ ጉጉት አፍጥጠው ስለተነሡ፣ ጉዳይ ይዞ የገባ ሁሉ በሩ ላይ ደንግጦ እጅ ይነሣቸዋል።