ባለ ሦስት እግሮቹ

ተረት ተረት! የደከማችሁ አረፍ በሉ፣ እግዜር ጆሮ ይስጠን።

ዕድሜዋን ሙሉ ማንጎ ወደ ገበያ ስታመላልስ የኖረች አንዲት አህያ የኋላ እግሯ ሰለለባት። ጌታዋም፣ «በሦስት እግር ማን ገበያ ይደርሳል? ዛሬ ማታ ለጅብ አወጣታለሁ» አለ።

አህያዋ ይህን ሰምታ፣ ቅርጫቷ በጀርባዋ እንዳለ፣ እያነከሰች ማንጎው ዛፍ ሥር፣ ከኋላው በተጨመረለት ደጋፊ እግር ወደቆመው መሰላል ሄደች።

«ጋሼ መሰላል፣ አንተም እኮ ያለህ ሦስት እግር ነው። ምነው አንተን ለጅብ አላሉህ?»

«እኔ የትም አልሄድም፣ እህቴ። መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም ሳልነቃነቅ እቆማለሁ። ነይ፣ አጠገቤ ቁሚ።»

ተጠግታ ቆመች። ጌታዋ መሰላሉ ላይ ሆኖ ማንጎውን ወደ መሬት ሲወረውር ግማሹ ይፈርጥበት ነበር። አሁን ግን ቅርጫቷ እጁ ሥር ሆነለትና እየቀጠፈ እዚያው ውስጥ ያስቀምጥ ጀመር። በዚያን ቀን አንድም ማንጎ አልፈረጠም።

ሲመሽ አህያዋን ከመሰላሉ ጋር ጋጣ አስገብቶ በሩን ዘጋ። ጅብም ከአጥር ውጭ ጠብቆ ጠብቆ ሄደ።

«ተመስገን! ከእንግዲህማ እናርፋለን አይደል፣ ጋሼ?» አለች አህያዋ።

«ነገ ደግሞ የሚቀጠፍ ብርቱካን አለ» አላት መሰላሉ።

እኔ ተረቴን እዚህ አወረድኩ፤ የእናንተንም ሸክም እግዜር ያውርድላችሁ።